ካፒቴኑ ሞተሩን እስኪያሞቅ

ካፒቴን ይሉታል። መርከብ ያለው እንዳይመስላችሁ። ያለችው አሥራ ሁለት ሰው አጣብቃ ሐይቁን የምታሻግር የእንጨት ጀልባ ናት፤ ግማሿ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ፣ ግማሿ በሌላ ዓይነት ሰማያዊ የተቀባች። የመጀመሪያው ቀለም መሃል ላይ ሲያልቅበት «እስቲ በደንብ ላስብበት» ብሎ ሲያስብ ሁለት ክረምት አለፈ፤ እስከዚያ ቀለም ሻጩ ያንን ዓይነት ማምጣት ትቶ ነበር። ማዕረጉን የሰጡት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፣ ለማላገጥ። እሱ ግን ከምር ወስዶት አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄድ ጀመር፤ ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይንጠቀው?

ጀልባዋን እንተዋት። ዋናው ሞተሩ ነው። ከኋላ የተንጠለጠለ፣ ካርቡሬተር ያለው፣ በገመድ ጎትተው የሚያስነሱት የድሮ ሞተር። ሰው ቢታመም «እግዜር ይማርህ» ብሎ የሚያልፈው ካፒቴን፣ ሞተሩ አንዴ ካስነጠሰው እህል አይቀምስም። ጠዋት ተሳፋሪው ተሳፍሮ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ሊሄዱ ነው ሲባል የእሱ ሥራ ገና ይጀምራል። የሞተሩን ክዳን ያነሳል። የነዳጁ ቱቦ ላይ ያለችውን የጎማ ኳስ እስክትጠጥር ይጨምቃታል። ቾኩን ይስባል፤ አየሩን ቀንሶ ነዳጁን የሚያበዛው ነገር ማለት ነው፤ ሌሊቱን ብርድ ላይ ያደረ ሞተር ያለሱ አይነሳም። ከዚያ ገመዱን ይጎትታል። ሞተሩ ያጓራል፣ ያስላል፣ ይጠፋል። ደግሞ ይጎትታል። ሲነሳለት ቾኩን ግማሽ ድረስ ይመልስና ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠዋል። ከሞተሩ ጎን ቀጥኖ የሚወርደውን ውሃ በመዳፉ ይቀበላል። ከቀዘቀዘው ራሱን ይነቀንቃል፤ ለብ ካለው «እየመጣ ነው» ይላል፤ ከየት እንደሚመጣ ለማንም አይናገርም።

«ካፒቴን፣ እንሂዳ!»

«ቆይ፣ ይሙቅ።»

ይህችን መልስ ያልሰማ ሰው በዚያ መሳፈሪያ የለም። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እንዲህ ያለ ሞተር ሳይሞቅ ማርሽ ከገባ ውሃው መሃል ይቆማል፤ ከቆመ ደግሞ መቅዘፍ ነው። ችግሩ ካፒቴኑ ከሞቀ በኋላም ማሞቁ ነው። ቾኩ ተመልሶ፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጡት፣ ጥርት ብሎ እየሠራ፣ ውሃው እጅ ሊልጥ ደርሶ፣ እሱ አሁንም ጆሮውን አስጠግቶ «ትንሽ» ይላል። በስተቀኝ የተሰለፉት ወጣቶች አዲስ ሞተር አላቸው፤ ቁልፍ ጠምዘዝ፣ እልም ነው። ካፒቴኑ ከኋላቸው ያይና «ይሄም ሞተር ተብሎ! ሬዲዮ በሉት» ብሎ ይተፋል። እነሱ ግን በሬዲዮአቸው ሁለቴ ተሻግረው ሲመለሱ እሱ ካቆመበት ፈቀቅ አይልም።

ኑሮውም ያው ነው። ከታላቅ እህቱ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል አለችው። ጣሪያው ያፈሳል። ካፒቴኑ ከሥሩ ሳፋ አስቀምጦ የሚያፈሰውን ቦታ «እያጠናው» ነው፤ ቀዳዳው እየሰፋ ሲሄድ ሳፋውን በትልቅ ሳፋ ቀየረው፣ በጥናቱም ቀጠለ። አንድ ጊዜ ጥሩ የቆዳ ጫማ ገዛ። ለደህና ቀን ብሎ ከነካርቶኑ አልጋው ሥር አስቀመጠው። ደህና ቀን ነው ብሎ አምኖ ሲያወጣው ጫማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እህቱ ስታየው ወንበር ፈልጋ ተቀምጣ ነው የሳቀችው።

«አንተ ልጅ» ትለዋለች፤ ልጅ የምትለው ጸጉሩ ሸብቶ ያለቀ ሰውዬ መሆኑን አስቡልኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ስትሞት እንኳ ቀባሪውን ቆይ ልትለው ነው።»

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ እንምጣ።

ልብስ ሰፊዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ማክሰኞና ዓርብ እየተሻገረች ማዶ ላለው ትምህርት ቤት ታስረክባለች። ጀልባዋ ላይ የመጨረሻዋ አግዳሚ ላይ ነው የምትቀመጠው፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ጭሱ በሚመጣበት፣ ጩኸቱ በሚብስበት። ከፊት ባዶ ቦታ እያለ ለምን እዚያ እንደምትቀመጥ ከካፒቴኑ በስተቀር ሁሉም ሰው ያውቃል። እሱ የሞተር ድምፅ የሚወድ ሰው አግኝቻለሁ ብሎ ነበር የተደሰተው።

ወደዳት። በቃ ወደዳት፣ ነገሩ ሌላ ስም የለውም። ማክሰኞ ሲያልፍ ዓርብን፣ ዓርብ ሲያልፍ ማክሰኞን እየቆጠረ የሚኖር ሆነ። ለመነጋገር ያላቸው ጊዜ ግን ሞተሩ በሚኒሞ ሆኖ የሚሞቅበት ብቻ ነው፤ ጉዞ ከተጀመረ ያ ሞተር እንኳን የሰው ድምፅ፣ የራስን ሐሳብም አያሰማ። ስለዚህ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ በሳምንት ሁለቴ፣ እንዲህ ያለውን የጋለ የፍቅር ጨዋታ ሲጫወቱ ኖሩ፦

«ዛሬ ንፋስ አለ።»

«አዎ፣ ንፋስ አለ።»

«ትናንት ይሻል ነበር።»

«ትናንት ይሻል ነበር፣ ልክ ነህ።»

የአየር ትንበያ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሁሉ መዝግበው ቢይዙት በነጻ በተጠቀሙ ነበር። ካፒቴኑ ግን ከዚህ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያፏጫል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ኮቱን እየቆለፈ ሳለ እህቱ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች፤ እንዲህ ስትቆም ደግ ነገር ይዛ አታውቅም።

«ሰምተሃል?»

«ምኑን?»

«ባለወፍጮው ልብስ ሰፊዋን ላግባሽ ብሏታል።»

ባለወፍጮው ማዶ ነው የሚኖረው። ካፒቴኑ ያውቀዋል፤ እንዲያውም ክፉ የሚነገርበት ነገር ቢኖር ኖሮ እንዴት ደስ ባለው! ግን የለም፤ ሰውዬው ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ሰላምተኛ ነው፣ ጥርሱም ሙሉ ነው።

«መቼ?» አለ ካፒቴኑ። ቁልፉን ያለቦታው ቆልፎት ነበር።

«ባለፈው ጊዜ እህል ልታስፈጭ ሄዳ። እህሉ ተፈጭቶ ሳያልቅ ጠየቃት። አየህ? አንድ ቁና እህል እስኪደቅ! ሰው ማለት እንዲህ ነው።»

«እና ምን አለችው?»

«አስቤ ዓርብ እነግርሃለሁ አለችው። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? በምንስ ነው የምትሻገረው? ባንተው ጀልባ! ራስህ አሻግረህ፣ እጇን ይዘህ ልታስረክበው ነው። አቤት ጀግና! አቤት ወንድም! ኮራሁብህ።»

ካፒቴኑ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፍርሃት ነበር፣ የምር ፍርሃት፤ ውሃው መሃል ማዕበል ሲነሳበትም እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ባለወፍጮው ካገባት ማክሰኞም ዓርብም እንደማይኖር ገባው፤ ማዶ የሚኖር ሰው ማዶ ለመሄድ ጀልባ አያስፈልገውማ።

«ዛሬ እነግራታለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ሞተሩን ሳሞቅ።»

እህቱ ጣሪያውን አየች፣ ሳፋውን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

መሳፈሪያው ላይ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ቀድማ መጥታለች። የዩኒፎርም ጥቅሏን አልያዘችም፤ ትንሽ ቦርሳ ብቻ። ቡናማ ቀሚስ ለብሳለች፣ ራሷ የሰፋችው፣ እስከዛሬ አይቶት የማያውቀው። ከፊት ዓሣ ነጋዴዋ ቅርጫቶቿን ደርድራ እያወራች ነው፤ ለማን እንደምታወራ ጉዳይዋ አይደለም። መሃል ላይ የማዶ ትምህርት ቤት አስተማሪው ደብተር ይዞ፣ ሰዓቱን እያየ ተቀምጧል። ሌሎችም ሦስት አራት ሆነው ገቡ።

ካፒቴኑ ክዳኑን አነሳ፣ ኳሷን ጨመቀ፣ ቾኩን ሳበ፣ ጎተተ። ያ የተረገመ ሞተር፣ ሌላ ቀን ቢለምኑት የማይሰማው፣ በመጀመሪያው ተነሳ! እንደ አዲስ ሙሽራ ሽር ጉድ አለ። ውሃው ከመቼው ለብ አለ፣ ከመቼው ሞቀ። ካፒቴኑ ቾኩን መለሰውና በግራ እጁ ላቡን ጠረገ።

«ዛሬ...» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «ዛሬ ምን?»

ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ እዚያ ደርሶ እንደሱ ቆይ አለ መሰለኝ።

«ዛሬ ንፋስ የለም።»

«የለም» አለች። ፊቷ ቅጭም አለ፤ ዞራ ውሃውን ማየት ጀመረች።

«ካፒቴን፣ ኧረ ይሂዱ! ተማሪዎቹ ተሰልፈው ይጠብቁኛል» አለ አስተማሪው።

«ቆይ፣ ይሙቅ።»

«ሞቋል እኮ!» አለች ዓሣ ነጋዴዋ። «እኔ እንኳ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል፣ ድምፁ ጠርቷል። ዓሣው ራሱ በስሎልኛል! ምን ነካህ ሰውዬ?»

ድምፁ ጠርቷል፤ ወንጀሉ እዚህ ላይ ነው። ለሞተሩ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው፣ ለሞተር ሲል ሰው የሚያስቀይም ሰው፣ በዚያች ቅጽበት እጁን ወደ ኋላ ሰደደና የሞቀውን ሞተር ቾክ መልሶ ሳበው። ሞተሩ ታነቀ፣ ተንተባተበ፣ እንደ በረደው ሁሉ አጓራ።

«ይኸው! ሰማችሁ?» አለ ካፒቴኑ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «አልሞቀም።»

ልብስ ሰፊዋ ግን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነው ያለችው። እጁን አይታለች። ከዚያም ፊቷን አኮስትራ፣ «እንሂድ እንግዲህ» አለች፣ «የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

የሚጠብቀኝ ሰው አለ! ካፒቴኑ ይህን ሲሰማ ራሱ ዞረበት። ገመዱን ፈታ፣ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ ጀልባዋ ተስፈንጥራ ወጣች። ቾኩን መመለስ የሚባል ነገር ጨርሶ አልታወሰውም። በዚያ ውሃ ላይ ሲመላለስ ጸጉሩን ያሸበተ ሰው፣ ማንም ጀማሪ የማይሠራውን ስህተት ሠርቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነዳ።

ጥቁር ጭስ ከኋላቸው ተግተለተለ። ሞተሩ እየጎተተ ሄደ፣ እያረፈ ሄደ፣ የነዳጁ ሽታ አስተማሪውን አሳለው። ከውሃው መሃል ሲደርሱ ሁለቴ ዘለለና ቀጥ አለ።

ጸጥ።

«ጉድ ፈላ» አለች ዓሣ ነጋዴዋ። «ያን ሁሉ አሙቀህ፣ ያን ሁሉ አስቀምጠኸን! እነዚያ ልጆች ቁልፍ ጠምዘዝ አድርገው አሁን ማዶ ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ነኝ ሞኟ፣ እኔ!»

ካፒቴኑ ክዳኑን ሲከፍት ቾኩ ተስቦ እንደቀረ አየው። ፊቱ ቀላ። የካንዴላ ቁልፉን አወጣና እሳት የሚጭሩትን ሁለቱንም ካንዴላዎች ፈታ፤ ጥቁር ሆነው፣ በነዳጅ ርሰው ይንጠባጠባሉ። ገመዱን ደጋግሞ ጎትቶ ሞተሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ነዳጅ አስተፋው። ካንዴላዎቹን የሚያደርቅበት ጨርቅ ፈለገ፤ ያለችው አንዲት ጨርቅ ራሷ ዘይት ጠጥታለች።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋች። ልብስ ሰፊ ያለቁራጭ ጨርቅ አይሄድም፤ ከቦርሳዋ አንዱን አወጣችና ካንዴላዎቹን ተቀብላ ትጠርግ ጀመር። ጥንቅቅ አድርጋ፣ ጥርሱን ሁሉ፣ የተሰፋ ልብስ ላይ የቀረ ክር እንደምትለቅም።

«ቾኩን ለምን ሳብከው?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«እ?»

«ሞቆ ነበር። መልሰህ ስትስበው አይቼሃለሁ። ለምን?»

መዋሸት ይችል ነበር። ንፋሱን፣ ነዳጁን፣ ነዳጅ ቀጂውን፣ ማንንም ማማት ይችል ነበር። ግን ጀልባዋ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደሱ ዞሯል፤ ዓሣ ነጋዴዋም ጭምር፣ ቅርጫቶቿን ትታ።

«እንዳንደርስ ነዋ!» ብሎ ፈነዳ።

«የት?»

«እዚያ! ወፍጮው ጋ! አታግቢው!» የካንዴላውን ቁልፍ እያወዛወዘ ነበር፤ ሰው የሚመታ ይመስላል። «ደህና ሰው ነው፣ አውቃለሁ፣ ምንም አይወጣለትም፣ ግን አታግቢው!»

ዓሣ ነጋዴዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አስተማሪው ሰዓቱን ማየት ረሳ። ልብስ ሰፊዋ ግን ካንዴላውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ እፍ አለችበት፣ ለካፒቴኑ መለሰችለት።

«ደርቋል። ግጠመው።»

ይኸው ነው መልሷ። ካፒቴኑ ገጠመው። አንዱን አጣሞ ጀምሮት እንደገና ፈታው። ቾኩን እስከ ውስጥ ገፋና ጎተተ። ሞተሩ ብዙ ካስለመነው በኋላ ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ ያው ጩኸት ነው፣ ማንም ማንንም የማይሰማበት። ካፒቴኑ እስከ ማዶ ድረስ ያየው ጀርባዋን ብቻ ነው። ጀርባዋ ምንም አይናገርም። ልቡ ግን እዚያው ውሃው መሃል እንደቀረ ነበር፤ ሁሉን ነገር ተናግሮ ምንም ያላተረፈ ሰው ነኝ ብሎ አሰበ።

ባለወፍጮው ማዶ መውረጃው ላይ ቆሟል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ አንዲት ፍንጣቂ ዱቄት የለበትም። እንዴት ያለ ሰው ነው ሠራተኛ ሆኖ በሥራ ቀን እንዲህ የሚጸዳ! ካፒቴኑ ጀልባዋን አስጠጋ፤ ባለወፍጮው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላት። እሷም ያዘችው። ያዘችው! ካፒቴኑ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ።

ሰዉ ሁሉ ወረደ፤ ከመውረጃው ግን ማንም አልራቀም። አስተማሪው ተማሪዎቹን ለእግዜር አደራ ሰጥቶ የጫማውን ክር ያስራል፤ ታስሮ የነበረ ክር። ሁለቱ ጥቂት ራቅ ብለው ቆመው ይነጋገራሉ። ሞተሩ ስለሚሠራ ለካፒቴኑ አንድም ቃል አይሰማውም፤ ማጥፋት ይችል ነበር፣ ግን የሚሰማውን ፈራ። በዓይኑ ጥግ ያይ ነበር። ባለወፍጮው አንድ ነገር ጠየቀ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ሰውዬው መሬት መሬት አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጀልባዋ ላይ ያለውን ሰው አየ፣ ምን እንዳገኘችበት ለማወቅ ከላይ እስከ ታች። አልፈርድበትም። ከዚያ እጇን ጨበጣት፣ የዓሣ ነጋዴዋን አንዱን ቅርጫት አንስቶ ተሸከመላትና ሄደ። ዓሣ ነጋዴዋ በግድ ተከተለችው፣ አንገቷን ወደ ኋላ እንደጠመዘዘች።

ልብስ ሰፊዋ ተመለሰችና ከመውረጃው ጫፍ ላይ ቆማ ወደ ታች አየችው።

«እንቢ አልኩት» አለች፣ ድምፁን ለማሸነፍ ጎንበስ ብላ።

የካፒቴኑ ፊት በራ፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ፤ የጎደሉትም ጭምር።

«ምን ያስቅሃል?» አለች፣ የምር ተቆጥታ። «ላንተ ብዬ መሰለህ? አንተ ምን አልክ? አታግቢው አልክ። እሺ፣ አላገባሁትም። ሌላ ያልከኝ ነገር አለ? ስንት ዓመት ጭስህን ስጠጣ ንፋስ አለ፣ ንፋስ የለም! ሰውዬው ቢያንስ ጠየቀኝ። የማላገባውን ስትነግረኝ ጎበዝ ነህ፤ የማገባውን ማን ይንገረኝ? እህትህ?»

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ የሚወርደውን ውሃ በመዳፉ ተቀበለ። እሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ «እነዚያ ልጆች ይመልሱኛል» አለችና ወደ ባለቁልፎቹ ጀልባ መራመድ ጀመረች።

ጀርባዋ እየራቀ ነው። ካፒቴኑ ቆመ፤ ጀልባዋ ተናወጠች፤ ሊወድቅ ሲል የሞተሩን ክዳን ያዘ።

«አግቢኝ!»

ሞተሩን ለማሸነፍ ባለ በሌለ ጉልበቱ ነው የጮኸው፤ ሞተሩ ደግሞ ከመቼው ብቻውን እንደጠፋ አላወቀም። መውረጃው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ወጣቶቹ ቁልፋቸውን ይዘው ቀሩ። ማዶ ገበያ ያሉትም ሳይሰሙት አልቀሩም፤ እህቱም ወዲያኛው ዳር ሆና የሰማች ይመስለኛል።

ልብስ ሰፊዋ ቆመች። ዞረች። ሳትቸኩል ተመልሳ መጣች።

«ሰማሁ» አለችው። «ምን ያስጮህሃል?»

ቦርሳዋን አቀበለችውና ወደ ጀልባዋ ወረደች።